የጋሽ መሰለ ብርድ ልብስ

ፍላቂት፣ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2001 ዓ.ም.

ዛሬም ገበያ ውለን ማኅበራችን ከሚሠራው ባና፣ ከወፍራሙ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ አንድም አልተሸጠም። ከጎናችን የቻይና ብርድ ልብስ የሚሸጠው ነጋዴ ግን ሊጨርስ ምንም አልቀረው። የእሱ ዋጋ የእኛን ግማሽ አይሞላም።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ መሰለ መጡ። እኛ ሴቶቹ የፈተልነውን ሁሉ የሚሸምኑልን እሳቸው ናቸው። ወደ እኔ የሚመጡ መስሎኝ ቦታ ለቀቅሁላቸው። አልፈውኝ ሄዱና ከነጋዴው ቀይ ብርድ ልብስ ገዙ።

ኋላ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አትቀየሚኝ ልጄ። ባለቤቴ ታማብኛለች። ባናው ደረቷን እየተጫናት መተንፈስ አቃታት።»

«ኧረ ምን ቅያሜ አለው ጋሼ! እግዜር ይማርልዎ።»

 የወረዳው ባለሙያ የገበያ ትስስር እንፈጥርላችኋለን ማለቱን ነገርኳቸው።

«ከማን ጋር?» አሉኝ።

ስሙን የማውቀው አንድም ገዢ የለም።

ሊሄዱ ሲነሱ ብርድ ልብሱን በእጄ ዳሰስኩት። ለስላሳ ነው፤ ይሞቃል። ነቀፋ ብፈልግለት አጣሁ።

ሰኞ ሴቶቹ የፈተሉትን ይዘው ይመጣሉ። ተቀብዬ ባሸምነው ለማን እንደምሸጠው፣ አልቀበልም ብል ደግሞ ምን እንደምላቸው አላውቅም።