የድመቷ መለኪያ

ለውድ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔና አደራ የሰጠሽኝ ድመት ከአንቺ በቀር የጎደለን ነገር የለም።

ስለ ስኳሯ ሐሳብ አይግባሽ። ጠዋትና ማታ ከጆሮዋ ጠብታ ደም ወስጄ እለካለሁ፤ በልታ ስትጠግብ ቆዳዋን ሳብ አድርጌ ኢንሱሊኗን እወጋታለሁ። አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፋ ለኖረ ሰው መርፌ ሊያስተምሩት ነው? እሷም ጸባይ ገዛች ብዬ ሳመሰግናት፣ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፣ ትናንት ሥጋዬን ከሳህኔ ላይ ይዛ ሶፋ ሥር ገባች።

እሁድ ለት ስለካት መቶ ሠላሳ ሆነ። እንዲህ መውረዱን ማመን አቅቶኝ፣ መለኪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ በራሴ ጣት ሞከርኩት። ሦስት መቶ አርባ አለኝ! በማግስቱም እንደዚያው። የዘንድሮ ዕቃ እንዲህ ነው፤ ለድመት ይሠራል፣ ለሰው ይዋሻል።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ሙቀቱ ስለበረታ ውሃ ስጠጣ እውላለሁ። እጄ ሥራ እንዳይፈታም የሱሪዎቼን ሁሉ ወገብ አጥብቤያለሁ።

የመለኪያውን ነገር ለእንስሳት ሐኪሟ እንደ ቀልድ ባወራላት አልሳቀችም፤ «ልጅዎ መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ። ድመቷ ናፍቃሻለች ማለቷ ይሆናል።

የመለኪያውን ስትሪፕ ስትልኪ በርከት አድርጊው፤ ድመቷ ትፈጃለች። ዓይን ለዓይን እስክንተያይ ደህና ሁኚልኝ።

አባትሽ