የቮላኖው ልክ

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ከድሬ።

ከሄድክ ሦስት ዐረፋ አለፈ። ለአራተኛው ዐሥር ቀን ቀርቶታል። ሰው በዓመት ይቆጥራል፤ እኔ በዐረፋ እቆጥርሃለሁ። የሄድከው በበዓሉ ሦስተኛ ቀን ነው፣ የታረደው ሥጋ ገና ሳያልቅ።

ቡታጅራ ብዙ ነገር ተለውጧል። ጋራዥህ የባጃጅ ጎማ መጠገኛ ሆኗል። ግድግዳው ላይ የጻፍከውን ስምህን ኖራ ቀብተውበታል፤ ዝናብ ሲመታው ግን ይታያል፣ ሲደርቅ ይጠፋል። እኔ አሁንም ሳይንስ አስተምራለሁ። ልጃችን ሙባረክ ሃያ ሦስት ሞላው፤ የሰው ሚኒባስ ይነዳል። ሲያስል ቁርጥ አንተን ነው። ከበር ውጭ ሲያስል በሰማሁ ቁጥር እጄ ላይ ያለውን አስቀምጣለሁ።

መኪናህ ጓሮ ነች። ሸራ አልብሻት ነበር። ከሾፌሩ እግር ሥር ባለው ቀዳዳ፣ ብረቱ በስቶት በወጣው፣ ሣር በቅሎ ነበር። መሪው ድረስ ደርሷል። አልነቀልኩትም። ባለፈው ወር ከትምህርት ቤት ስመለስ ሣሩ የለም። ቀዳዳው ላይ ላሜራ ተበይዷል። ሙባረክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፈገግ አለልኝ። እኔም ፈገግ አልኩ። ፈገግታው ፊቴ ላይ ቀረ።

በሳምንቱ አንድ ካርቶን መጣ። ወንድምህ ሸምሱ ከዱባይ ላከለት። ያው የእሽቅድምድም ፍሪሲዮን፣ ላንተ እንዳመጣልህ ያለ፣ እንደዚያኛው ቀይ።

የዚያኛውን ምሽት ታስታውሳለህ? እራት ሳይነሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥከው፣ እንደ እንግዳ። «ልታገባው ነው እንዴ?» አልኩህ። ሳቅህ። ከአዲስ አበባ ለዐረፋ የሚገቡት ልጆች ከከተማው መውጫ እስከ ድልድዩ ሲሽቀዳደሙ ሁልጊዜ ያሾፉብህ ነበር፤ «ከድር፣ ትነዳታለህ ወይስ ትገፋታለህ?» እያሉ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አልከኝ። አንድ ጊዜ ድልድዩን ቀድሜያቸው ልለፍ።

ግን ፍሪሲዮኑ ከመኪናዋ ቮላኖ ጋር አልገጠመም። ከሞተሩ ኋላ የሚሽከረከረው ያ ከባድ ብረት ጠበበው፤ የቡሎኑ ቀዳዳዎችም አልተገናኙም። ሌላ ቮላኖ ከአዲስ አበባ መፈለግ ነበረብህ። ዕቃውን ይዘህ ሂድ ብልህ እምቢ አልክ። «ይቺን ቀይ ነገር ካዩ ዋጋ ይሰቅሉብኛል።» እናትህ ከእንሰት የፋቀችውን ቃጫ አውጥተህ ለካህ። ሦስት ቋጠሮ። ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው የፍሪሲዮኑ ስፋት፣ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ከቡሎን እስከ ቡሎን። ሜትር አለ ብልህ፣ «ሜትር የሁሉም ሰው ነው፣ ቃጫ የእናቴ እጅ ነው» አልክ።

ክረምት ነበር። ከነቃጫህ እስከ አጥንትህ ረጥበህ ተመለስክ። ቮላኖውን ስታጋጥመው ስፋቱ በቃው፤ የቀዳዳዎቹ ርቀት ግን የስንዴ ፍሬ ያህል አነሰ። ፊትህን አይቼዋለሁ። ጋሽ ወልዴን፣ የቶርኖ ቤቱን ሰው፣ እቤት ድረስ ጠራኸው። ከአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ጎን አዲስ እንዲበሳልህ ለመንከው። ሻይ እየቀዳሁ ነበር፣ ሰምቻለሁ። «ከድር፣ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ብረት እንደ ጥፍር ነው። አይችልም። ሌላ ፈልግ» አለህ። አንተ ግን ሰው የማይሞግተው ልመና ታውቅበታለህ። በሳልህ።

የሄድክ ዕለት ድምፁን እቤት ሆኜ ሰማሁት። ነጎድጓድ መሰለኝ። የታጠበውን ልብስ ላስገባ ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ቮላኖህ ነው፣ በእሽቅድምድሙ መሃል ከእግርህ ሥር የፈነዳው።

እንግዲህ ያልነገርኩህን ልንገርህ።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰዎች ጋሽ ወልዴን ረገሙት። ገዳይ አሉት። ሙባረክ አንገቱን ሊያንቅ ተነሳ። እኔ የሰማሁትን አውቃለሁ፤ አልተናገርኩም። ሟችን ማን ጥፋተኛ ያደርጋል? ስምህ ንጹሕ እንዲሆን ፈለግሁ። ከአርባህ በኋላ ቃጫውን ከሰቀልክበት ሚስማር አወረድኩት። ደረቅ ነበር። ከተሰበረው ፍሪሲዮንህ ጋር ለካሁት፣ ልክ ነው። ውሃ ውስጥ ነከርኩት። አጠረ። የስንዴ ፍሬ ያህል። ለተማሪዎቼ የማሳየው ዓይነት ሙከራ ነው ከድሬ፤ ውጤቱን ግን ለማንም አላሳየሁም። መልሼ ሰቀልኩት።

ጋሽ ወልዴ ከተማውን ለቆ ወጣ። ባለፈው ክረምት እናቴን ልጠይቅ ወልቂጤ ሄጄ መናኸሪያው በር ላይ አገኘሁት። ኮፍያውን አወለቀልኝ። «ልጁ ይነዳል አሉ፣ መምህርት። ቀስ ይበል በይው» አለኝ። ሌላ ምንም። መኪናው ውስጥ ገብቼ መስኮቱን ዘጋሁት።

ትናንት ሙባረክ ቃጫውን ከሚስማሩ ሊያወርድ እጁን ዘረጋ። «የአባዬ ልክ» አለ፣ በአክብሮት፣ እንደ ቁርኣን ማስቀመጫ ነክቶ። ነገ ለቮላኖ አዲስ አበባ እሄዳለሁ አለኝ። የዘንድሮውን እሽቅድምድም ላንተ ነው የሚነዳልህ። ብረቱን ያ ሰውዬ ባያበላሸው ኖሮ አባዬ ያሸንፍ ነበር፣ ይላል። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው «ጃኬት ያዝ» የሚል ነው።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሂ ሊሰግድ ወጥቶ ሳለ፣ ሦስተኛውን ቋጠሮ ፈታሁ። አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ አምጥቼ ቋጠርኩት። እንዲህ ያለ ቮላኖ በዓለም የለም ብዬ ነው። ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ዐረፋ ያልፋል፣ ነገሩ ይበርዳል ብዬ።

ከቀትር በኋላ ስልኬ ጮኸ። «እማ! ተገኘ! ከቋጠሮ ቋጠሮ ልክክ! አባዬ እኮ ነው የቋጠረው!» ከኋላው የብረት ድምፅ ይሰማል። «ሙባረክ፣ አትግዛው» አልኩ። ኔትወርኩ ተቋርጦ ነበር። ለማን እንደተናገርኩ አላውቅም። ደግሜ ደወልኩ። ደግሜ። የለም።

ለካ አዲስ አበባ የሌለ ነገር የለም። ለውሸትም ልክ የሚሆን ብረት አለ።

የሚሆነውን አውቀዋለሁ፤ አይቼዋለሁና። እቤት ያጋጥመዋል፣ አይገናኝም። ቃጫውን አይጠረጥርም፣ የአባቱ ነው። ብረቱን ያስበሳዋል፤ ከአሮጌው ቀዳዳ ጎን። ጋሽ ወልዴ ስላልሆነ የሚበሳው፣ ብረቱ ይችላል ብሎ ያምናል። ይህን እምነት የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ድንኳኑ ውስጥ ዝም ብዬ።

አሁን በሩ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ቀዩ ፍሪሲዮን እግሬ ሥር ነው። የተሰበረው የአንተም አጠገቡ፤ ውሃ የሞላ ሳህንም አምጥቻለሁ። ሲገባ ቃጫውን ከእጁ ተቀብዬ ቋጠሮውን ወደ ቦታው እመልሳለሁ፤ ልክ መሆኑን ያያል። ከዚያ እነክረዋለሁ፣ ሲያጥር ያያል። ከዚያ ያዛወርኩት እኔ እንደሆንኩ እነግረዋለሁ። ጋሽ ወልዴ ያለህንም፣ ቃል በቃል። ምናልባት ይጠላኛል። ይጥላኝ፤ የሚጠላኝ ልጅ በሕይወት ያለ ልጅ ነው። ከዐረፋ በፊትም ወልቂጤ እሄዳለሁ፣ ልጁን ይዤ፣ ባይመጣም ብቻዬን።

ስምህን ስላጎደፍኩት ይቅር በለኝ፣ ከድሬ። ሦስት ዐረፋ ዝም ብዬ አስታወስኩህ። ከዛሬ ጀምሮ ጮክ ብዬ አስታውስሃለሁ፤ ከነሳቅህ፣ ከነልመናህ፣ ከነስህተትህ። አላህ ይዘንልህ።

ከመንገዱ ማዶ ሚኒባስ ቆመ። የሚያስል ሰው ወረደ።