ባሕሩ መርዶ እንዳይሆን

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለእንቁ፣ ደብረ ሲና።

እንደምን ነሽልኝ እህት ዓለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ ሳል እንዴት አደረገሽ? ልጆችሽ፣ የልጅ ልጆችሽ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም ደህና ነው ወይ? እኔ ስኳሬ አንዳንዴ ከፍ ከማለቱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ድሮ ይህን ሁሉ የምጽፈው ለወጉ ነበር። ዛሬ ለወግ አይደለም። እንደምን ነሽ ያልኩሽ መልሱን ፈልጌ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ፍቅረየሱስ ይባላል። እዚህ ዴንቨር በእድራችን አብሮኝ የሚሠራ ሰው ነው። ለእናቱ ተዝካር ወደ ደሴ ሲሄድ ደብረ ሲና ላይ ወርዶ በእጅሽ ይሰጥሻል። በእጇ ብዬ አስጠንቅቄዋለሁ፤ ለጎረቤት ሰጥቶ እንዳይሄድ። የምታነብልሽ መቼም ልጅሽ ትህትና ነች። ትህትና ልጄ፣ ፊደሌ ቢጣመም ታገሺኝ፤ የመሠረተ ትምህርት ጽሑፍ ነው። ጽጌረዳ «አባዬ እኔ ልጻፍልህ» ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። ለምን እምቢ እንዳልኩ እያደር ይገባችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ጽጌረዳና ባሏ ተስፋዬ ካሪቢያን የሚባል ባሕር ዳር ወስደን እናዝናናህ ብለው ተነስተዋል። የሚያርፉበት ሆቴል ኦል ኢንክሉሲቭ ነው ይላሉ። አንዴ ከተከፈለ በኋላ ቁርሱም፣ ምሳውም፣ መጠጡም፣ አልጋውም፣ ባሕሩ ዳር የሚዘረጋው ወንበርና ጥላም ዝም ብሎ ይሰጣል ማለት ነው። ስትገቢ እጅሽ ላይ የላስቲክ ማሰሪያ ያስሩልሻል፤ እሱን እያሳየሽ ትበያለሽ። ይህን ስሰማ ቅር አለኝ። የልጆቼ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ እጇ ላይ ያሰሩላት ያንኑ የሚመስል ነበር። እሷም ስትገባ ምግቡ ሁሉ በነፃ ነበር።

ጽጌረዳ ኮምፒዩተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ሦስት ሆቴል አሳየችኝ፤ «አንተ ምረጥ» አለችኝ። የመጀመሪያው ጃማይካ ነው። ልጅ አይገባበትም። ልጅ የማይገባበት ቤት ውስጥ ምን ቢሠራ ነው አልኳት። «አባዬ፣ ጸጥታ ፈልገው ነው» አለች። ጸጥታ ከፈለጉ ለምን አራት መጠጥ ቤት ከፈቱ? ሁለተኛው ሜክሲኮ ነው፤ ካንኩን። ፎቶው ላይ ውኃው ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። የሄዱ ሰዎች የጻፉትን አንብቢልኝ አልኳት። አንዱ ግሩም ነው፣ አንዱ ገነት ነው ይላል። አንድ ሰውዬ ብቻ ባሕሩ የሚተፋው ሣር ባሕር ዳሩ ላይ ተከምሮ እንደሚሸት፣ አሳንሰሩም ሦስት ቀን ቆሞ እንደነበር በዝርዝር ጽፏል። ከሁሉም ያመንኩት እሱን ነው። ሦስተኛው ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነው፤ ፑንታ ካና። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፣ ከባሕሩ ራቅ ይላል፣ ሩዝና ባቄላ የአገሩ ምግብ ነው። የሚሻለው እሱ ነው አልኳት። ደስ ብሏት ሳመችኝ።

ደስታዋን ሳይ ነው የጠረጠርኩት እንቁዬ። የሚሄዱበት ሳምንት አሜሪካኖች ተርኪ የሚሉትን ትልቅ ዶሮ የሚበሉበት ነው፤ በእኛ ህዳር አሥራ ስምንት። የነቢያት ጾም የሚገባው ህዳር አሥራ አምስት። ሥጋው፣ ቅቤው፣ ዓሣው በየሰዓቱ የሚቀርብበት ቦታ ከፍሎ በጾም የሚሄድ ማን ነው? ጽጌረዳ ጾም አታፈርስም፤ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ስጠይቃት «ሥራ የሚለቁኝ ያን ሳምንት ብቻ ነው» አለችኝ። ለእናቷ ሙት ዓመት አንድ ቀን ለምና ያገኘች ልጅ ዛሬ ለባሕር አሥር ቀን ፈቀዱላት? አሥር ቀን ለምን እንደሚጠየቅ እኔ አውቃለሁ።

አንቺ እዚያ ሆነሽ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። እዚህ ግን ሥራው ከባድ ነው። ሰዉ ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል፣ ወሬው በስልክ ቀድሞ ይገባል። እኔ የእድራችን ሽማግሌ ሆኜ ሃያ ዓመት መርዶ ነግሬያለሁ። ደንቡን ያወጣነው እኔና ፍቅረየሱስ ነን ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ቤተሰቡ ከሥራ ፈቃድ ይጠይቃል። ቀጥሎ ሩቅ ያለው ልጅ ይጠራል። የሰውየው ስልክ በዘዴ ይወሰዳል። ስኳር ወይም ደም ብዛት ካለበት ኪኒኑን መውሰዱ ይጣራል። ውኃና ወንበር ይገዛና ይደበቃል። እስኪነጋም ልቡ ወደ ሌላ ነገር እንዲሄድ አንድ ደስ የሚል ወሬ ይፈጠርለታል። ለሽኩር የፈጠርኩለት እኔ ነኝ። ሽኩር ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ ነው። እናቱ አዲስ አበባ ሲሞቱ «መኪና ልገዛ ነው፣ ሞተሩን እይልኝ» ብዬ የመኪና መሸጫ በሞላበት በፒዮሪያ ስትሪት ሙሉ ቀን አዞርኩት። ደስ ብሎት ጎንበስ ብሎ ሞተር ሲያይ ነው የዋለው። በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሩን አንኳኳን።

አሁን የእኔን ቤት ተመልከቺ። ጽጌረዳ አሥር ቀን ወስዳለች። ወንድሟ እንዳልክ በገናም በፋሲካም የማይመጣው ልጅ በሐሙስ ቀን ከሲያትል ከች አለ። «ናፍቀኸኝ ነው ዳዲ» አለኝ። ስልኬን ደግሞ «አፕዴት ላድርግልህ» ብሎ ወስዶ ከሰዓት ሙሉ ያዘብኝ። ተስፋዬ ሁለቴ «አባባ፣ ኪኒንዎን ወስደዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ለጉዞው የሚሞላ ፎርም ላይ ስላለ ነው አለ። ጋራዥ ስገባ ስድስት ታጣፊ ወንበርና ሦስት ካርቶን ውኃ ተደርድሯል። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። «ለባሕሩ ነው አባባ» አለኝ። ልብ አድርጊ፤ ወንበርና ጥላ እዚያው በነፃ እንደሚሰጥ በሦስቱም ሆቴል ላይ ጽጌረዳ ራሷ አንብባልኛለች። በነፃ ወንበር ወደሚሰጡበት አገር ወንበር ተሸክሞ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

ከዚያ ወደ አንቺ ስልክ መጣሁ። ከመስከረም ጀምሮ ስደውል አይነሳም። ልጆቹ «ኔትወርክ የለም» ይላሉ። ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው እንዲያ ይላል። እኔም ለስንት ሰው ኔትወርክ የለም ብያለሁ።

ይህን ሁሉ ግን በሆዴ ይዤው ነበር። ያናገረኝ ፎቶው ነው። ባለፈው ስመጣ አንቺ ቤት ደጃፍ ላይ አብረን የተነሳነው፣ አልጋዬ ራስጌ የሰቀልኩት አለ አይደል? ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግድግዳው ላይ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። ጽጌረዳን ጠየቅኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። «ላሳድገው ወስጄው ነው» አለችኝ። እንቁዬ፣ የሰው ፎቶ መቼ እንደሚያድግ ይጠፋኛል? ፎቶ ቤቱ ድረስ ሄጄ ለስንት ለቅሶ ቤት ያሳደግኩ እኔ አይደለሁም?

ማታ ራት ላይ ሦስቱንም ቁጭ ባሉበት «ማን ነው የሞተው?» አልኳቸው። ተስፋዬ ጉርሻውን እንደያዘ ጽጌረዳን አየ። እንዳልክ ሳቀ፤ «ዳዲ፣ ኖባዲ ዳይድ! ቬኬሽን እኮ ነው» አለ፤ ማንም አልሞተም፣ ዕረፍት ነው ማለቱ ነው። «ቬኬሽን በጾም?» አልኩት። «አንተ ዘና ማለት አትችልም እንዴ? ኦልዌይስ ሰስፒሸስ!» አለኝ፤ ሁሌ ትጠረጥራለህ ማለቱ ነው። አባቱን እንዲህ የሚናገር ልጅ ነው ያሳደግኩት። ጽጌረዳ ግን አልሳቀችም። ማንኪያዋን አስቀመጠችና «አባዬ፣ ሰባ አምስት ዓመትህ እኮ ነው። ሳትሰማ ልናከብርልህ ነበር። ወንበሩም ውኃውም ከመሄዳችን በፊት ለሚመጡት እንግዶች ነው። ፎቶውም ስጦታህ ነበር። ሁሉንም አበላሸኸው» አለችኝ። እንባዋ መጣ። «እማዬ ከሞተች ጀምሮ ከዚህ ቤት ከቤተ ክርስቲያንና ከለቅሶ በቀር የት ሄደህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

እውነቷን ይሆናል። ፊቷ ውሸት አይመስልም። «በእናትሽ ማይ» አልኳት። «እማዬን! እቴ እንቁ ደህና ናት» ብላ ማለችልኝ። ላምናት ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን እንቁ፣ እኔም ሞተር እያየ ሳለ ሽኩር ድንገት ቀና ብሎ «ጋሽ ወልደየስ፣ እናቴ ደህና ናት አይደል?» ሲለኝ፣ «ባለቤቴ ትሙት፣ ደህና ናት» ብዬ ምዬለታለሁ። ያኔ በሕይወት ነበረች። ለእሱ ብዬ ነው፣ ሌሊቱን እንዲተኛ ብዬ ነው። ለቅሶው ካለቀ በኋላ ሽኩር እጄን ይዞ «ጋሽዬ፣ ክፉ አላደረጉብኝም፤ ከእንግዲህ ግን እርስዎ ደህና ነው ሲሉኝ እደነግጣለሁ» አለኝ። ያን ጊዜ ሥራዬን በደንብ እንደሠራሁ ቆጥሬ ኮርቼ ነበር። ዛሬ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔም በገዛ ልጄ መሐላ ደነገጥኩ።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እፈልግብሻለሁ። ፎቶ አትላኪልኝ፤ ፎቶ የከረመ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤም ትህትና እንደምትጽፈው አውቃለሁ። ልጆቼ ዋና እንደማልችል አያውቁም፤ ጠይቀውኝ ውኃ አልወድም ብዬ አልፌአቸዋለሁ። አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ የአሥር አንቺ የስምንት ዓመት ልጆች ሆነን ወንዙ ሲወስደኝ የዛፍ ሥር ይዘሽ በጸጉሬ ጎትተሽ ያወጣሽኝ አንቺ ነሽ። ትህትና፣ አትሳቂ። ቤት ስንገባ አባታችን «ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው የረጠበው?» ሲሉ አንቺ ከአፌ ነጥቀሽ አንድ ውሸት ተናገርሽ። ያን ውሸት እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሚስቴም። አሁንም አልጽፈውም። ፍቅረየሱስን ገለል አድርገሽ በራስሽ አፍ ንገሪው። እሱ ህዳር አምስት ይመለሳል። ጽጌረዳ እስከ ህዳር ሰባት ለሆቴሉ መምጣታችንን ማረጋገጥ አለብን ብላኛለች።

ያ ውሸት ከደረሰኝ እሄዳለሁ። የዶሚኒካኑን መርጫለሁ። ላስቲካቸውን ያሰሩልኝ፤ ሩዝና ባቄላዬን እበላለሁ፣ ሥጋቸውን እያየሁ አልፋለሁ። ባሕሩ ውስጥም እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገብቼ እቆማለሁ፤ ጽጌረዳ ፎቶ ታንሳኝ፣ ደስ ይበላት። ከቁርጭምጭሚት በላይ ግን የምትጎትቺኝ አንቺ በሌለሽበት አልገባም።

ትህትና ልጄ፣ ይህን እያነበብሽ ያለሽው ለራስሽ ብቻ ከሆነ ግን ስልክ አትደውዪ። ለጽጌረዳም አትንገሪ፤ መሐላዋ በእሷ ላይ አይደር። ለፍቅረየሱስ ብቻ ንገሪው። ደንቡን ያውቃል፤ መኪና እይልኝ፣ ባሕር ላሳይህ ሳይል በማለዳ ይምጣ። ከህዳር አምስት ጀምሮ በሩን አልቆልፍም። ኪኒኔን ውጬ ልብሴን ለብሼ እጠብቀዋለሁ። ወንበሩም እንደሆነ ጋራዥ አለ።

ለትህትና ለራሷ፣ ለባለቤቷ፣ ለልጆቿ ለትልቁም ለትንሿም ሰላምታዬ ይድረስ። ባለፈው አብራኝ ጎመን ስትለቅም ለነበረችው ለጎረቤትሽ፣ ለንስሐ አባትሽ፣ በደጃፍሽ ለሚያልፍ ወሬዬን ለሚጠይቅ ሁሉ ወልደየስ ደህና ነው በሉልኝ። ጽጌረዳ፣ ተስፋዬና እንዳልክ ጉልበትሽን ስመዋል፤ ይህን የምጽፈው እነሱ ሳያውቁ ቢሆንም እንደሚስሙሽ አውቃለሁ።

ላንቺ ግን ሰላምታ አልጽፍም። የረጠበ ልብሴ ውሸት ሲደርሰኝ ስቄ ሳበቃ፣ ስልክሽ በሠራ ቀን ራሴ ደውዬ እሰጥሻለሁ።

ወንድምሽ ወልደየስ
ሞንትቤሎ፣ ዴንቨር
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.