ከአሮጌው ሜዳ የሚጠራኝ

ገብረሚካኤል ነው ከእኛ የነጠለህ። ይህን አስቀድሜ ካልጻፍኩ እጄ ወደ ሰላምታ አይሄድልኝም።

ወንድሜ ተስፋሁን፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ብርድ ሲመታው የሚያምህ ጉልበትህ እንዴት ነው? የምትበላውስ፣ የምታድርበትስ አለህ? እኔ እህትህ ተሾመች ከናፍቆትህና ከወገቤ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። የልቤን ሌላ ሰው እየሰማ እንዳይጽፍልኝ ብዬ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል ቆጠርኩ።

ካለፈው ኅዳር ወዲህ ድምፅህ ጠፋ። ስደውል አንዲት ሴት በማላውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ተናግራ ትዘጋዋለች። ገብረሚካኤል የቡድናችሁ አሠልጣኝ ሳለ፣ «ደቡብ አፍሪካ እንዲህ ያለ በረኛ በወርቅ ይመዘናል» ሲልህ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ቆሎ እሸጥ ነበር። በወርቅ የሚመዘነው በረኛ ስድስት ዓመት የሰው ሱቅ ሲጠብቅ ኖረ። ያን ቀን ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሮጌውን ሜዳ ብታየው አታውቀውም። አዲሱ ከከተማው ማዶ ከተሠራ ወዲህ የሚጫወትበት የለም። ከእንጨቱ መቀመጫ ሦስተኛው ረድፍ ወድቋል። የግብ ቁጥር የሚሰቀልበት ሰሌዳ ከማንኪራ መንደር ቡድን ጋር የተጫወታችሁበትን ሁለት ለአንድ እንደያዘ ዝጓል። ማንኪራዎች በእግራቸው መጥተው፣ ተሸንፈው፣ እየዘፈኑ የተመለሱበት ቀን ነው። ኳሱ ቁልቁል ወደ ጫካው ሲንከባለልና እስኪመለስ ጨዋታው ሲቆም እንዴት እንስቅ ነበር! እኔ ዛሬም እሑድ እሑድ አሥር ሰዓት ላይ እሄዳለሁ፤ ገዢ ሳይኖር ከድሮ ቦታዬ እቀመጣለሁ። ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሷል። በጫካው በኩል፣ አንተ ትቆምበት በነበረው ግብ አፍ ላይ ግን አንድም ሣር አልበቀለም። አፈሩ ዛሬ እንደተረገጠ ነው። ከብት ነው ብዬ ሄጄ አየሁት፤ የከብት ኮቴ የለበትም።

በነሐሴ የመጀመሪያው እሑድ ጉሙ ወርዶ ያን ግብ ሸፍኖት ሳለ «እታለም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከአንተ በቀር ማንም እንዲህ አይጠራኝም። ልክ ጨዋታ ሳይጀመር ከግቡ ሆነህ እንደምትጠራኝ፣ መጨረሻውን ጎተት አድርጎ። ሳላስብ «አቤት» አልኩ። በሚቀጥለው እሑድም ጠራኝ፤ አቤት አልኩ። ድምፁ ወደ መሐል ሜዳ ቀረብ ብሎ ነበር። ትናንት የጠራኝ ከተቀመጥኩበት እንጨት ሥር ነው። አቤት ብዬ ጎንበስ ስል ጉም ብቻ አገኘሁ።

ለሜዳው ጠባቂ ለጋሽ ሀብተሥላሴ ብነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። የጠራሽን ሳታዪ ሦስት ጊዜ አቤት አልሽ ወይ፣ እናትሽ ይህን ሳታስተምርሽ ነው የሞተችው ብለው ተቆጡኝ። አስተምራኝ ነበር። ላላዩት ጠሪ መመለስ ራስን አሳልፎ መስጠት ነው ትለን ነበር። የአንተ ድምፅ ሲሆን ጊዜ ረሳሁት።

ወሬው ገብረሚካኤል ጋ ለመድረስ አልዘገየም። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣና፣ ያልተለቀሰለት ሰው አያርፍም፣ ድንኳን እንትከልና እርምዎን ያውጡ አለኝ። ሬሳውን አይተሃል ወይ አልኩት። አላየሁም አለ። እንግዲያው ድንኳኑን ለራስህ ትከለው፣ አልቃሽ እኔ እልክልሃለሁ አልኩት። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እርሱ አልሳቀም። ከበሩ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ ሽማግሌዎቹ እንዳይሰሙት ቀስ አድርጎ፣ «እኔንም ይጠራኛል፣ እትዬ» አለኝ። መልሶለት እንደሆነ ጠየቅሁት። ሽማግሌዎቹን ቀድሞ እየተጣደፈ ወጣ።

ስለዚህ ተስፋሁን፣ አለህ ወይስ የለህም? ካለህ በእጅህ ጻፍልኝ፤ ጽሑፍህን አሁን አነባለሁ። አንድ መስመር ይበቃኛል። ይህን ደብዳቤ ባለሱቁ ፈርሐት ጆሃንስበርግ ላለው ወንድሙ ይልክልኛል፤ እርሱም አፈላልጎ ይሰጥሃል።

ሚስትህ ሔርሜላ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሃለች፤ ሰው ሁሉ ቢጎተጉታትም ነጠላዋን አላዘቀዘቀችም። ልጅህ ትሁት ጉንጭህን ትስማለች፤ ቁመቷ እኔን አልፏል። ጋሽ ሀብተሥላሴም ሰላም በይልኝ ብለዋል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እኔ ግን ፊትህን በዓይኔ እስካይ ድረስ፣ በዚያ ድምፅ ብትጠራኝም፣ ብትለምነኝም፣ ከእንግዲህ አቤት አልልህም።

እህትህ ተሾመች
ቦንጋ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.