የስሞቹን ግንብ የሠሩት የወይዘሮ ውሃ ልክ የሕይወት ታሪክ

እኅታችን በኅዳር ወር 1944 ዓ.ም. ሲወለዱ ስማቸው አስቀድሞ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ነበር። አባታቸው የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቤታቸው ከአባታቸው የሥራ ቦታ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን ባለ ሁለት ክፍል ሲሆን፣ በኋለኛው ክፍል መስኮት ሥር ማንም የማይተኛበት የልጅ አልጋ ነበር። አልጋው በሦስት ዓመቷ በትኩሳት የሞተችው የመጀመሪያዋ ልጅ አልጋ ነው። አባቷ ስሟን በገዛ እጃቸው ቀርጸው ድንጋዩን አቁመውላታል። ከአሥራ አራት ወር በኋላ ሌላ ሴት ልጅ ስትመጣ እናት፣ "ያ ስም በዚህ ቤት ሳይጠራ አይቅር" ብለው ያንኑ ስም ለጨቅላዋ ሰጡ። አባት አልተቃወሙም። አልጋውም ባለቤት አገኘ።

እኅታችን ፊደል ለይተው መጀመሪያ ያነበቡት ቃል የራሳቸው ስም ነው። ያነበቡትም በእኅታቸው መቃብር ላይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃት ከእርሳቸው አልተለየም። ትልልቆች "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" ሲሉ ምክር መስጠታቸው ነበር። ለእርሳቸው ግን ነገሩ በዓይናቸው ያዩት ስለሆነ፣ ድንጋዩ ቆሞ የሚጠብቃቸው እየመሰላቸው በእናታቸው ቀሚስ ይከለሉ ነበር። አክስታቸው "ይህቺ ልጅ ጥላዋን ትፈራለች" ይሉ ነበር። እናታቸው ደግሞ፣ "ትፍራ፤ የፈሪ እናት አታለቅስም። እኔ አንዴ አልቅሻለሁ፣ ይበቃኛል" ብለው ይመልሱ ነበር።

ከትምህርት ቤት መልስ የሚውሉት በአባታቸው ሥራ ቤት፣ መዶሻውና መሮው በተሰቀሉበት ጥግ ነበር። አባታቸው የሟቹን ስም ከመቅረጻቸው በፊት ሐዘንተኛውን አስቀምጠው፣ "ስሙን ማን አወጣለት?" ብለው የመጠየቅ ልማድ ነበራቸው። እያለቀሰ የመጣው ሰው ያን ጊዜ መናገር ይጀምራል። "ሰው ስለ ሟቹ አሟሟት ሲጠየቅ ያለቅሳል፤ ስለ ሟቹ ስም ሲጠየቅ ያወራል" ይሉ ነበር አባታቸው። ይህ ጥያቄ ኋላ የልጃቸው ሥራ መሠረት ሆኗል።

እኅታችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1961 ዓ.ም. አጠናቀው ወደ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ገቡ፤ በ1966 ዓ.ም. በመልክዓ ምድር ንድፍ ተመረቁ። በምረቃቸው ዕለት አጎታቸው፣ "አምስት ዓመት ሙሉ ሣር መትከል ነው የተማርሽው?" ቢሏቸው፣ "የለም፣ ሣሩ ሥር ያለው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ነው" ብለው መልሰዋል። በዚያው ዓመት በከተማው የመናፈሻዎች ክፍል ተቀጠሩ። ከቦርሳቸው ውሃ ልክ ስለማይጠፋ ግንበኞቹ "ወይዘሮ ውሃ ልክ" አሏቸው፤ ስሙም ከሥራ ቦታ አልፎ እቤት ገባ።

በ1970 ዓ.ም. ከጂኦግራፊ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው ሴትና ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ሴቷ ስትወለድ ግን ስም ለማውጣት ፈሩ። አንዱን ስም የሞተ ሰው ይዞታል፣ ሌላው ከበድ ይላል፣ ሌላው ዕድል ይነካል እያሉ ልጅቷ ሦስት ወር ያህል "ሕፃኗ" ተብላ ኖረች። በመጨረሻ ባለቤታቸው፣ "እመቤቴ፣ ስምን መልአክ ያወጣል ይባላል፤ የኛ መልአክ ግን መንገድ ላይ ሳይቀር አልቀረም። ነርሷ ልጅቷን ማን ብላ ትከትባት?" አሏቸውና በዚያው ዕለት እኅታችን ራሳቸው ስም አወጡላት።

በሥራቸውም ፈሪ ነበሩ። አንድ ጊዜ ያረጀ ዛፍ ቅርንጫፍ ይወድቃል ብለው ትልቁን መናፈሻ ለአንድ ወር አዘጉ። ቅርንጫፉ አልወደቀም፤ ዛፉ ዛሬም አለ። ሌላ ጊዜ ጤነኛ ድልድይ በገመድ አሳጠሩ። ከዚያ በኋላ ቢሮው ውስጥ "ወይዘሮ ውሃ ልክ ፈርተዋል" ማለት "ምንም አይመጣም" ማለት ሆነ። እርሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር። ይህ ሳቅ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የታያቸው ዘግይቶ ነው።

በ1988 ዓ.ም. ክረምት ከከተማው በላይ ያለው ኮረብታ ተንዶ የታችኛውን ሰፈር ቀበረ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰዎች ሞቱ። የመታሰቢያውን ቦታ እንዲነድፉ የተመረጡት እኅታችን ነበሩ። የቀረውን ተዳፋት በእርከን ከፋፍለው ዛፍ አስተከሉበት። ከሥሩም አፈሩን ደግፎ የሚይዝ፣ ስድሳ ሜትር ርዝመትና ሦስት ሜትር ተኩል ቁመት ያለው የድንጋይ ግንብ አቆሙ። በግንቡ ላይ የሁሉም ስም ተቀረጸ፤ ከእያንዳንዱም ስም በታች ስሙን ማን እንዳወጣውና ለምን እንደሆነ በአንድ መስመር ተጻፈ። "አዋላጇ አወጣችለት፤ እናቱ ራሷን ስታ ነበር።" "አባቷ፣ ከሰባት ወንዶች በኋላ ስለመጣች።" "ራሱ መረጠው፤ የወጣለትን አልወደደውም።"

ይህን ለመሰብሰብ ቤት ለቤት ዞረዋል። ካነጋገሯቸው አንዷ፣ ዳቦ የሚሸጡ እናት፣ በናዳው አንድ ልጃቸውን ያጡ ናቸው። ስለ ልጃቸው ስም ሲጠየቁ ትንሽ አፈሩ፤ "ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ያወጣሁለት ጎረቤቴን ለማብሸቅ ነው። ይኼም ይጻፋል?" አሉ። "ይጻፋል፣ እማማ።" "እንግዲያው ጻፊው። እሷም እዚያው ግድግዳ ላይ አለችልሽ፤ አደራሽን፣ አጠገቡ እንዳታደርጊያት። በሕይወት እያለች ያልተውኳትን እዚያ ብተዋት ይሻላል።" ግንቡ በ1991 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁለቱ ስሞች በሁለቱ ጫፎች ላይ ነበሩ።

ደጋፊ ግንብ የሚቆመው ከጀርባው ያለው ውሃ መውጫ ሲኖረው ነው። ስለዚህ በድንጋዮቹ መካከል የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ተትተው ነበር። በክረምት ከቀዳዳዎቹ ቀይ የጭቃ ውሃ እየወጣ በስሞቹ ላይ ይወርዳል። ቤተሰቦች በየሳምንቱ እየመጡ የየራሳቸውን ስም ያጥቡ ነበር። ቆይቶ አንዱ ከስሙ በላይ ያለውን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፈ። ሌላው አይቶ በሲሚንቶ ደፈነ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ማንም ከአንዲት ቀዳዳ በላይ አልነካም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል።

በሐምሌ ወር 1997 ዓ.ም. እኅታችን በዝናብ ጃንጥላ ይዘው ሲጎበኙት ግንቡ እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ነበር። ያስፈራቸውም ንጽሕናው ነው። ያ ሁሉ ዝናብ ወርዶ ከግንቡ ጠብታ ካልወጣ፣ ውሃው ከጀርባው ቆሟል ማለት ነው። ግንቡ ቀጥ ማለቱን ለማወቅ ከአናቱ ላይ ቱንቢ ጣሉ። አናቱ ወደ ፊት አራት ሴንቲ ሜትር አዘንብሏል። በሳምንቱ ሲለኩት ስድስት ሆነ። የዓመቱ መታሰቢያ ደግሞ በሚቀጥለው እሁድ ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ከግንቡ ሥር ቆሞ እጁን በስሙ ላይ የሚያሳርፍበት ቀን።

የክፍሉን ኃላፊ ለመኗቸው። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም። "እትዬ፣ ሰኞ ሠራተኛና የድጋፍ እንጨት እልካለሁ። ለእሁዱ ግን፣ እናትን ከልጇ ስም ራቂ ብዬ ማን ፊት እቆማለሁ? ደግሞ እርስዎ... ያውቁታል፣ ይፈራሉ" አሏቸው። አብሮ አደጋቸው ግንበኛ ቀዳዳዎቹን እንዲከፍትላቸው ቢጠይቁት፣ "ወይዘሮ ውሃ ልክ፣ ያበጠ ሆድ ሥር ተኝቼ በመሮ አልወጋም። ልጆች አሉኝ" አለ። ልክ ነበረ፤ እርሳቸውም አልተጫኑትም። ባለቤታቸው እንዳስታወሱት፣ በዚያ ሳምንት ዝናብ ጣሪያውን በመታ ቁጥር ከተቀመጡበት ይነሡ ነበር።

እሁድ ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። የግንቡ ቁመት ሦስት እጥፍ ርቀት ይበቃል ብለው ካሰሉ በኋላ ፈርተው ጨመሩበት፤ ከግንቡ አሥራ ሁለት ሜትር ላይ ገመድ ወጥረው ከፊቱ ቆሙ። ሕዝቡ ሲመጣ ጉርምርምታው ተነሣ። "ደግሞ ዛሬ ምን ታያቸው?" አለ አንዱ። "ዛፉም ይወድቃል ብለው ነበር!" አለ ሌላው፤ ተሳቀ። ቀዳዳዎቹ መዘጋታቸውን ሲናገሩ አንዲት እናት፣ "ታዲያ ልጄ ፊት ላይ ጭቃ ሲወርድ ዝም ብዬ ልይ?" ብላ አለቀሰች። ዳቦ ሻጯ እናት ገመዱን በእጃቸው ይዘው፣ "ልጄ፣ ያንቺ ስም እዚህ የለ። ምን አገባሽ?" አሉ።

እኅታችን ከቤተሰብ ውጭ ለማንም ተናግረውት የማያውቁትን የተናገሩት ያን ጊዜ ነው። "የእኔማ ስም ድንጋይ ላይ ከተጻፈ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እማማ። ሳልወለድ ነው የተጻፈው። ስሜን እያየሁ ነው ያደግሁት። ግንቡ ላይ ያሉት አንዴ ሞተዋል፤ እኔ የምፈራው ከሥሩ ለምትቆሙት ነው። ልሳሳት እችላለሁ፤ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ለዛሬ ብቻ አብራችሁኝ ፍሩ።" ይህን ሲሉም በየመሃሉ ወደ ግንቡ ዞር እያሉ ያዩ ነበር። ዳቦ ሻጯ እናት ትክ ብለው አዩአቸውና፣ "ይህቺስ የውነቷን ነው የፈራችው" ብለው ከገመዱ ወዲህ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሌላውም እያጉረመረመ ቆመ። መታሰቢያው ከገመዱ ወዲህ ተካሄደ።

በዚያ ቀን ምንም አልሆነም። ሰው ቅር ብሎት ተበተነ፤ እኅታችንም እፍረታቸውን ይዘው፣ ፍርሃታቸውን ሳይጥሉ ገቡ። ሰኞ ዝናቡ ሠራተኞቹን አስቀረ። የመታሰቢያው ቦታ አትክልተኛ ግን እኅታችን ስላስማሉት ገመዱን አልፈታም። ረቡዕ ጠዋት ዳቦ ሻጯ እናት እንደ ልማዳቸው ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው፣ ብቻቸውን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሳሉ ከግንቡ ሃያ ሁለት ሜትሩ ተገፍቶ ወደቀ። ከወደቁት ስሞች አንዱ የልጃቸው ነበር። በጣም ርቆ የተገኘው ድንጋይ ከግንቡ ዘጠኝ ሜትር ላይ ነበር። ዳቦ ሻጯም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው እኅታችን ቤት ደረሱ፤ በር ላይ እንደ ቆሙ፣ "ፍርሃትሽ ይባረክ!" አሉ። እኅታችን ግን የዚያን ቀን ደስታ አልታየባቸውም። እጃቸውን ይዘው፣ "እሁድ ቢሆንስ ኖሮ፣ እማማ? እሁድ ቢሆንስ ኖሮ?" እያሉ ደጋገሙ።

ግንቡ በ1999 ዓ.ም. እንደገና ተሠራ። ቀዳዳዎቹ ከስሞቹ በታች ሆነው ውሃውን ከግንቡ የሚያርቅ የድንጋይ ከንፈር ተደረገላቸው። የሟች ቤተሰቦችም ሳይቃጠል በቅጠል ብለው ተራ ገብተው፣ ከእያንዳንዱ መታሰቢያ በፊት ቀዳዳዎቹን ይጠርጋሉ፣ ቱንቢም ይጥላሉ።

እኅታችን በ2004 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። በሕመማቸውም ጀግና ለመምሰል አልሞከሩም፤ "ፈርቻለሁ፣ እጄን ያዙኝ" ይሉ ነበር፤ እጃቸውም ተይዟል። ሐምሌ 17 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

ለሰው ሲፈሩ የኖሩትን እኅታችንን ፈጣሪ ፍርሃት ከማይደርስበት ያኑርልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን።

የዘንድሮ ተራ የደረሳቸው ቤተሰቦች ትናንት በዝናብ ሄደው ግንቡን ለክተዋል። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ውሃ ያወጣሉ፤ ግንቡ በአሥራ ሰባት ዓመት ያዘነበለው ሁለት ሚሊ ሜትር ነው።