ለማይሞላው መዋጮና ለተሰበረው ደረጃ ኃላፊ

ለተከበሩ የሰፈራችን ልማት ማኅበር የኢንተርኔት መዋጮ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

እንደምን ሰንብተዋል ጌታዬ? እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ከጆሮዎ የማይለየው ስልክዎም በደህና እንደከረማችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት፤ የእግሯ ጀሶ ከወጣ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ትልቋ ልጇም መንታ ተገላግላ አያት አድርጋታለች። ይህን መንገሬ ዛሬም በኢንተርኔት መዋጮ ገጻችሁ ላይ «ጠያቂ የሌላት የአልጋ ቁራኛ» ተብላ ስላየኋት፣ ምናልባት ወሬው አልደረሳችሁ ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ጎረቤቴ በአንዲት አነስተኛ የበጎ አድራጎት ቤት ለሴቶች ልጆች ስፌት ታስተምራለች። የቤቱ መግቢያ ደረጃ ተሰብሮ ስለነበር ወድቃ እግሯን ተሰበረች። ኮሚቴዎ ደረጃውን አሠርቶ የእጅ መደገፊያ ሊያስገጥም በኢንተርኔት መዋጮ ጀመረ፤ እኛም ያለንን ሰጠን። ትምህርቱ የፊታችን ሰኞ ይከፈታል፤ ሐኪሙ ደግሞ ያው እግር ዳግመኛ ከተሰበረ መራመድ የሚባል ነገር እንደሌለ ቁርጡን ነግሯታል። ደረጃው ግን እንደተሰበረ ነው።

እንግዲህ ቅሬታ እንዳይሉብኝ እንጂ፦

አንደኛ፣ በገጹ ላይ የተዋጣውን ገንዘብ የምታሳየው አረንጓዴ መስመር ልትሞላ ጥቂት ሲቀራት የሚፈለገው ገንዘብ ከፍ ይላል። ይህን ሦስት ጊዜ በዓይኔ አየሁ። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ረቀቅ ያለ ነገር ያመልጠኛል፤ ቢሆንም ባልዲ ሊሞላ ሲል ባልዲውን የሚያስረዝም ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ለዚህ ጥበብዎ አድናቆቴን ይቀበሉኝ።

ሁለተኛ፣ «በሥቃይ የምታነባ እናት» ተብሎ የወጣው ፎቶ ግሩም ነው። የተነሳችው የዓይን ጠብታ ጨምራ ቀና ባለችበት ሰዓት መሆኑን ጠርሙሱን ይዤ አጠገቧ የነበርኩት እኔ ስለማውቅ ነው እንጂ እኔም ባለቀስኩ ነበር። ሩቅ ያሉ ዘመዶቿማ አይተው ለለቅሶ ሻንጣ ማዘጋጀት ጀምረው፣ ስልኩን ራሷ አንስታ ነው በሕይወት መኖሯን ያስረዳቻቸው።

ሦስተኛ፣ ደረጃው መቼ እንደሚሠራ በመዋጮው የስልክ ግሩፕ ላይ ብጠይቅ፣ የኮሚቴዎ ጸሐፊ እንዲህ ያለው ጥያቄ የለጋሾችን ስሜት ይጎዳል ብላ አስወጣችኝ። እግዜር ይስጣት፤ ስልኬ ከጩኸት ዐረፈ። ነገር ግን መልስ ያለው ሰው ጠያቂን ለምን ያባርራል የሚለው ሐሳብ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ።

ለእርስዎ ጤና፣ ለኮሚቴዎ ዕድሜ፣ ለገጹ ደግሞ መዝጊያ ቀን ከልብ የምመኝልዎ፣

የልብስ ሰፊዋ የአጥር ጎረቤት፣ ከግሩፑ ተባራሪዋ።

ሳልነግርዎ እንዳልቀር፦ ደብዳቤውን ጽፌ ሳልጨርስ ሰፈራችን ያለው ግንበኛ ከሥራ የተረፈ ሲሚንቶ ይዞ መጣ። ደረጃውን ለካና የግማሽ ቀን ሥራ ነው ብሎ ማፍረስ ጀመረ። ወዲያው የእርስዎ ፎቶ አንሺ እያለከለከ ደርሶ፣ የመዋጮው ቪዲዮ ገና ስላልተቀረጸ ደረጃው እስከ ወሩ መጨረሻ እንደተሰበረ ይቆይልን ብሎ ለመነው። ግንበኛው እንኳን ሊያቆም ቀና ብሎም አላየው፤ አለቃህ ራሱ መጥቶ እየወጣ እየወረደ ይቀረጽበት አለ እንጂ። ጎረቤቴ ግን አንጀቷ አልችል ብሎ በሩ ላይ ሆና ፎቶ አንሺውን፣ «አይዞህ ልጄ፣ ሌላ የተሰበረ ነገር አታጡም፤ የእኔ ግን ሊሠራ ነው» አለችው።