የጳጉሜ ልጅ ካርድ

ሐምሌ 11 ቀን 1990፤ ጠዋት

ማሽኑ ሱቄ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ። ቁመቱ ይበልጠኛል። እሱን ለማስገባት ሁለት የተበላሹ ቴሌቪዥኖች ወደ በረንዳው አወጣሁ፤ ላስቲክ አልብሻቸዋለሁ። ዝናብ። የቦሌ ሚካኤል መንገድ ጭቃ ብቻ። ደንበኛ የለም።

ደብተሬ፣ ሥራው ይኸውልሽ። እትዬ አስካለ ቦሌ ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ ሳይርቅ፣ ፔንሲዮን አላቸው። ጣሊያን ያለ ዘመዳቸው ያገለገለ የሲጋራ መሸጫ ማሽን ላከላቸው። ገንዘብ ይከተታል፣ ቁልፍ ይጫናሉ፣ ፓኮው ዱብ ይላል። ሻጭ የለም። ሻጭ ስለሌለ የሰፈሩ ልጆች ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ እየገቡ መግዛት ጀመሩ። ቀበሌው ልጅና አዋቂ የሚለይ ነገር ካላበጁለት ያንሱት አላቸው። እሳቸው ወደ እኔ። ዘበኛ ያቁሙበት አልኩ። ዘበኛው ለልጆቹ ክብሪት የሚለኩሰው ሰው ነው አሉ።

ያሰብኩት፦ የፕላስቲክ ካርድ። የልደት ቀን በቀዳዳ ይበሳበታል። ማሽኑ ቀዳዳውን በብርሃን ያነባል፣ ውስጡ ከምተክለው ሰዓት ጋር ያስተያያል። አሥራ ስምንት ከሞላ አረንጓዴ መብራት፣ ካልሞላ ቀይ። ካርዱን የምትበሳው የእንግዳ መቀበያዋ ብርቱካን፣ መታወቂያ እያየች።

እዚህ አገር የሠራው ሰው አላውቅም። ደስ ብሎኛል። ደስ ካለኝ ቆይቷል።

ሐምሌ 14

የሰዓቱን ቺፕ በየድኩ። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚቆጥረው። ይቁጠር።

መሞከሪያ ካርድ አስፈለገኝ። ለአዋቂ የራሴን ልደት ወደ ፈረንጅ ለውጬ በሳሁ። ላልደረሰ ሰው የማውቀው ቀን አንድ ብቻ ነው። ጳጉሜ 4፣ 1972።

የሐ. ነው። የልጄ። ሙሉ ስሟን እዚህ ጽፌው አላውቅም፣ ዛሬም አልጽፈውም።

የአንድ ዓመት ልጅ እያለች ለትምህርት ቡልጋሪያ ሄድኩ። ሁለት ዓመት የተባለው ስድስት ሆነ። ስመለስ እናቷ ዘሀራ ሌላ አግብታለች። ሐ. በር ላይ ቆማ ሰውየው ማን እንደሆነ እናቷን ጠየቀች። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ከደሴ ድረስ የመጡ ነበሩበት። ፍርዳቸው አጭር፦ ልጅቷን አታውካት፣ ቤቱ ድርሽ አትበል። አሥራ ስምንት ሲሞላት ግን ሄደህ ትፈልጊኛለሽ ወይ ብለህ ጠይቃት። ያኔ እሷ ታውቃለች።

እሺ አልኩ። ቃሌን አላፈረስኩም።

ካርዷን አስገባሁ። ቀይ። ይሠራል ማለት ነው።

ሐምሌ 22

ውርደት።

ማሽኑን ለሙከራ ፔንሲዮኑ ወስደን ተከልነው። ብርቱካን መታወቂያ እየሰበሰበች ካርድ ስትበሳ ሰነበተች። ዛሬ እ/አስካለ የልጅ ልጃቸውን ካርድ አስበስተው በእጁ ሰጡት፤ አሥር ዓመቱ ነው። ቀይ ሲበራ ለማየት ቆምን። አረንጓዴ። ፓኮው ዱብ አለ። ልጁ አንስቶ ለአያቱ አቀበለ።

እ/አስካለ ፓኮውን አገላብጠው አዩት። "አንተ ሰይድ፣ ይኼ ማሽንህ እኔ ሳልሰማ ልጁን ሊድረው ነው።"

ጥፋቱ ወዲያው ገባኝ። መታወቂያው በእኛ ዘመን፣ ሰዓቱ በፈረንጅ። ብርቱካን ያየችውን በሳች፤ ወደ ፈረንጅ ለውጪው ብሎ የነገራት የለም። ሰባት ስምንት ዓመት ለሁሉም መረቅንላቸው።

ብርቱካን ግን ሳቋን መያዝ አልቻለችም። "ጋሼ ሰይድ፣ እኔንስ ስንት አደረሱኝ? ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ።" ደግሞ አንድ ነገር አሳየችኝ። ከሰበሰበችው መታወቂያ አብዛኛው ልደቱ መስከረም 1። የቀበሌ ጸሐፊ ዓመቱን ብቻ ከነገሩት ቀኑን ከራሱ መስከረም አንድ ይለዋል። አገሩ በሙሉ ከአደይ አበባ ጋር ነው የበቀለው አለች። እኔም ሳቅሁ።

ማሽኑን መልሼ ወደ ሱቅ። በእኛ አቆጣጠር እንዲቆጥር ማድረግ አለብኝ። ከባድ ነው። ይሻላል፤ ሥራ ሲከብድ ሌላ አላስብም።

ሐምሌ 29፤ ከሰዓት

ከመገናኛ የገርጂ ታክሲ ያዝኩ፤ እቃ የሚሸጥ ሰው እዚያ አለ። ሹፌሩ ይማም ሆኖ ተገኘ። የዘሀራ ባል። ጋቢና አስቀመጠኝ። ሰላምታችን ረጅም ነው፣ ሁልጊዜም፤ ከሰላምታው በኋላ ወሬ ስለማይኖረን እናስረዝመዋለን። ረዳቱን የሱን ሂሳብ አትቀበል አለው። ልጠላው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

መንገድ ላይ አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተ። ሰው ተሳፈረ። ተወው።

ስወርድ ሐ.ን አየኋት፤ ቤታቸው እዚያው ሰፈር ነው። ማዶ፣ ሱቅ በር ላይ፣ ጃንጥላ ይዛ መልስ ትቀበላለች። በግራ እጇ። እኔም ግራኝ ነኝ። ቁመቷ የእናቷን አልፏል። አላየችኝም። ዕቃ ሻጩ ጋ ስደርስ የመጣሁበትን ረሳሁት።

ደብተሬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ስሟን በጻፈች ቁጥር ስሜን ትጽፋለች። ፈተና ላይ፣ ደብተሯ ሽፋን ላይ። ይህን ማንም ሽማግሌ አልከለከለኝም።

ነሐሴ 9

ተለወጠ። ማሽኑ አሁን ነሐሴ 9፣ 1990 ይላል። ልክ እንደ ሰው።

የእኔ ካርድ አረንጓዴ። የእ/አስካለ የልጅ ልጅ ቀይ። የሐ. ካርድ በእኛ ቀን እንደገና በሳሁና አስገባሁ። ምንም። ቀይም የለ፣ አረንጓዴም የለ። ካርዱን ተፋው።

አምፖሉን ቀየርኩ። ቀዳዳውን በመርፌ ጠረግሁ። ይተፋዋል።

ነሐሴ 11

አገኘሁት። ማመን አልቻልኩም።

ወሩን ሁሉ ሠላሳ ሠላሳ ቀን አድርጌ አሥራ ሁለት ወር ሰጥቼዋለሁ። ከነሐሴ 30 ቀጥታ መስከረም 1። ጳጉሜን ረሳሁ። ከሰው ሁሉ እኔ። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚል ካርድ ሲገባበት እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ ይመልሳል። የጳጉሜ ልጅ በእኔ ማሽን አልተወለደችም።

ጨመርኩላት። አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። ካርዷን አስገባሁ። ቀይ። በቀይ መብራት እንዲህ ደስ ያለው ሰው ይኖር ይሆን?

ነሐሴ 24

ሾላ ገበያ ሄድኩ፤ ለማሽኑ መጠቅለያ ላስቲክ ፍለጋ። ጫማ ተራ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ። የሴት ጫማ አነሳሁ። ሻጩ ቁጥሯ ስንት ነው አለኝ። አላውቅም አልኩ። ለሚስትህ ነው? አይደለም። ለልጅህ? ጫማውን መልሼ አስቀመጥኩ። ከልጅህ እግር ጋ ተዋወቅና ተመለስ አለኝ፣ በቀልድ። ሌላ ደንበኛ ያዘ።

ሽንኩርት ገዝቼ ገባሁ።

አሥር ቀን ገደማ ቀረ። ቤቱን ጠረግሁ። ሁለተኛ ወንበር አስጠገንኩ። ትፈልጊኛለሽ ወይ ስላት አይ ብትልስ? እሱንም አስቤዋለሁ። አይ ስትል ድምጿን እሰማለሁ። ከዚህ በላይ አላሰብኩም።

ጳጉሜ 1

ጳጉሜ ገባ። ማሽኑም ገባለት። ጠዋት ስከፍት 13/1/90 ይላል። ሻይ ይዤ ፊቱ ቆምኩ።

እ/አስካለ ሥራውን ሊያዩ መጡ። ለዘመን መለወጫ ፔንሲዮኑ ውስጥ ይፈልጉታል። ሁሉንም ካርድ ሞከሩ፣ ረኩ። መሳቢያዬ ውስጥ በጨርቅ የጠቀለልኩትን ካርድ አዩና የማን ነው አሉ። መሞከሪያ ነው አልኩ።

"መሞከሪያ በሐር ጨርቅ ይጠቀለላል?"

መሳቢያውን ዘጋሁት። አልገፉም። ሲወጡ ትከሻዬን መታ አደረጉ፤ ልማዳቸው አይደለም።

ጳጉሜ 2

ይማም መጣ። የታክሲውን ቴፕ ይዞ፤ ካሴት ይበላል። ወንበር ሰጠሁት፣ የታደሰውን። ማሽኑን አይቶ ምንድነው አለ። አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"አሥራ ስምንት የሞላውን ይለያል ነው የምትለኝ?"

"ይለያል።"

"ታዲያ አንተ መለየቱ ለምን አቃተህ፣ ወንድሜ?"

አልገባኝም። እሱም እንዳልገባኝ አየ። ከዚያ ተናገረ፤ የምጽፈው እሱ ያለውን ነው።

ባለፈው መስከረም ቀበሌ መታወቂያ ሰጣት። የጠየቋት ዓመቱን ነው፤ ሰባ ሁለት አለች። ጸሐፊው መስከረም 1፣ 1972 ብሎ ጻፈ። ሐ. መታወቂያውን ይዛ ገብታ ሞላኝ አለች። የሽማግሌዎቹን ፍርድ ታውቀዋለች፤ ዘሀራ ቀድማ ነግራታለች። እሱ ይመጣል ብላ ጠበቀች። መስከረምን ሙሉ በሩ ሲንኳኳ የምትነሳው እሷ ነበረች። ጥቅምትም። ከጥር ወዲህ አትነሳም። ስለ እኔ ማውራት አቁማለች። ይማም ታክሲው ውስጥ ሊነግረኝ ያማጠው ይህንኑ ነበር፤ አውቀህ የቀረህ መስሎኝ ጨከንኩብህ አለ።

የተወለደችው ጳጉሜ 4 ነው አልኩ። ከነገ ወዲያ ነው። ዘሀራ ታውቃለች።

"ዘሀራማ ታውቃለች። ግን ዘጠና ሲገባ ከዘጠና ላይ ሰባ ሁለት ቀንሳ አሥራ ስምንት አገኘች። ሰው እንዲያ ነው የሚቆጥረው። ወላሂ፣ ቀን የቆጠርክ አንተ ብቻ ነህ።"

ትፈልገኛለች ወይ አልኩት።

እሱን እሷን ጠይቃት አለ። ቴፑን ትቶ ሄደ።

ሙሉ ዓመት። እኔ እዚህ፣ እሷ እዚያ፣ በታክሲ ከመገናኛ አንድ መንገድ።

የሰፈሩን መታወቂያ አይቼ የሳቅሁት እኔ ነኝ። የሷም አንዱ እንደሚሆን አላሰብኩም።

ጳጉሜ 3፤ ጠዋት 3 ሰዓት

ካርዱን አስገባሁ። ቀይ።

ማሽኑ አልተሳሳተም። አንድ ቀን ይቀራታል።

ደጅ ላይ ልጆች በጳጉሜ ዝናብ ይታጠባሉ፣ ይንጫጫሉ። እ/አስካለ መኪና ይልካሉ፣ ማሽኑን ይወስዳሉ። ቁልፉን ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊው ሰጠሁ። የት ነው እንዲህ ተላጭተህ አለኝ። ገርጂ አልኩ። ቴፕ ልትመልስ? አዎ አልኩ። ቴፑን ግን አልነካሁትም።

ሐሳቤ ነገ ነበር። ሸሚዙም ለነገ ነው የተተኮሰው። ስላጭ አሰብኩት። ነገ ብሄድ ትክክል እሆናለሁ። ትክክል ከመሆን ሌላ ምንም አልሆንም። በእኔ ቁጥር ነገ ይሞላታል፣ በሷ መታወቂያ ከሞላት ዓመት ሊሆናት ነው። የጠበቀችው በሷ ነው።

ዛሬ እሄዳለሁ። ካርዱን ኪሴ ከተትኩ። ጫማ አልያዝኩም፤ ቁጥሩን ዛሬ አያለሁ።

ትፈልጊኛለሽ ወይ የሚለው የሽማግሌዎቹ ቃል ነው፣ ከአፌ አይወጣም። ስሜንም መናገር አያሻኝም፣ ታውቀዋለች። መጀመሪያ የሷን እጠራለሁ። ሐያት ሰይድ። ደብተሬ፣ አየሽ፣ ተጻፈ።

አሁን ዝናቡ ቀለል ብሏል። ሳንኳኳ እሷ ከተነሳች… የቀረውን ስመለስ እጽፍልሻለሁ።